ማኅደረ ትውስታን ስለ መጨመር
ከይርጋ ጨፌ በስተደቡብ፣ በገደብ ወረዳ በምትገኘው በወርቃ፣ እሸት ቡና የሚገባበት ወራት ሲደርስ የአቅራቢውን ስም፣ ኪሎውንና የተከፈለውን ገንዘብ በኤክሴል የሚመዘግብ ጸሐፊ ቢኖር፣ ላፕቶፑም 4 ጊጋ ባይት ማኅደረ ትውስታ ብቻ ያለው ቢሆን፣ ከሰንጠረዡ ጎን አንድ ድረ ገጽ በከፈተ ቁጥር ማሽኑ ሲፈዝ ማየቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ «አርጅቷልና ይቀየር» የሚል ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱ ግን ብዙ ጊዜ የችኮላ ነው፤ የጎደለው ጠጋኞች ራም የሚሉት፣ ከጣት እምብዛም የማይረዝም ሰሌዳ ሊሆን ይችላልና። ዲስኩን እንደ ቡና መጋዘን ብናየው፣ ራም ቡናው ተሰጥቶ የሚገላበጥበት አልጋ ነው፤ አልጋው ሲጠብ ማሽኑ ከፊሉን ወደ መጋዘን ሲመልስ፣ የመለሰውንም እንደ ገና ሲያወጣ ይውላል።

የዚህ ሰሌዳ አምራቾች ብዙዎች ሲሆኑ፣ ቀኖናውን የሚደነግገው ግን ጄዴክ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው። ዲዲአር ከሚባሉት የራም ትውልዶች መካከል፣ በላፕቶፕ ውስጥ የዲዲአር 3 ሰሌዳ 204፣ የዲዲአር 4 260፣ የዲዲአር 5 ደግሞ 262 ፒኖች አሉት፤ የሚፈልጉትም ኃይል ከ1.5 ወደ 1.2፣ ከዚያም ወደ 1.1 ቮልት ወርዷል። በጠርዙ ላይ ያለው ቁርጥ በየትውልዱ ቦታውን ስለሚለውጥ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይቀመጥም፤ አልገባ ያለውን በኃይል የሚጫን ሰው ማዘርቦርዱን ይሰብራል።

ቁርጡ የማያስጠነቅቀው አንድ ወጥመድ ግን አለ። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 3ኤል በመልክም በቁርጥም አንድ ናቸው፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የመጡት ባለ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ላፕቶፖች በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር 3ኤልን ስለሚሹ፣ ተራው ዲዲአር 3 በትክክል ገብቶም ማሽኑ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ መለያውን ማንበብ ይገባል፤ «4ጂቢ ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» ተብሎ ቢጻፍ፣ 4ጂቢ መጠኑን፣ 3 ትውልዱን፣ ኤል ዝቅተኛውን ቮልት፣ 12800 በሴኮንድ የሚያስተላልፈውን ሜጋ ባይት፣ የመጨረሻዋ ኤስ ደግሞ የላፕቶፕ መሆኑን ታመለክታለች።

ፍጥነትን በተመለከተ «አንድ ዓይነት ካልሆነ አይሠራም» የሚሉ ሻጮች ነገሩን ያከብዱታል። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ሰሌዳዎች አብዛኛውን ጊዜ በዝግተኛው ልክ ተስማምተው ይሠራሉ፤ የፋብሪካው ስም መለያየትም ብዙ አያሳስብም። መጠናቸው እኩል ሲሆን ግን ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ስለሚያነብባቸው ሥራው ይፋጠናል።

የወርቃው ሰው ሊሄድበት ከሚችለው ገበያ አንዱ ዲላ ነው። ከተማው ከአዲስ አበባ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በመምህራን ትምህርትና በጤና ሳይንስ ኮሌጅነት የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ ስላለው ተማሪ ይበዛበታል፤ ተማሪ በበዛበትም የኮምፒውተር ጠጋኝ አይጠፋም። ከመሄድ በፊት በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የሜሞሪውን ገጽ ከፍቶ ከስንት ማስገቢያ ስንቱ እንደ ተያዘ ማየት፣ ማሽኑ እስከ ስንት ጊጋ ባይት እንደሚቀበልም በሞዴሉ ቁጥር ማጣራት ያሻል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ምንም ሊጨመርባቸው አይቻልም። በእኔ አስተያየት ላፕቶፑን ራሱን ይዞ መሄድ፣ ገንዘቡንም ማሽኑ በዓይን ፊት ከተነሣ በኋላ መክፈል ይሻላል።

መግጠሙ ጥበብ አይፈልግም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ማሽኑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ የሚወጣ ባትሪ ካለው ይወጣል፣ ሠሪውም በሰውነቱ ያለው ኤሌክትሪክ ሰሌዳውን እንዳይጎዳ አስቀድሞ የተጋለጠ ብረት ይነካል። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ከሰሌዳው በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ቆንጣጮች ወደ ውጭ ሲከፈቱ አሮጌው ሰሌዳ በአንድ ወገን ቀና ይላል፤ አዲሱም እንዲሁ ዘመም ብሎ ወርቃማ ጠርዙ እስኪሰወር ይገባና፣ ወደ ታች ሲጫኑት «ቀጭ» ብሎ ይያዛል። ማሽኑ አልነሣ ካለ ሰሌዳዎቹን አውጥቶ እያንዳንዱን ለየብቻ መሞከር ጥፋተኛውን ይለያል።

ማሽኑ ተነሥቶ፣ 8 ጊጋ ባይት ገብቶለት ሳለ ከ4 በታች ብቻ ልጠቀም ቢል፣ ብዙ ጊዜ የተጫነበት ዊንዶውስ ባለ 32 ቢቱ ነው፤ ሻጩን ከመክሰስ በፊት ሰነዶቹን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ባለ 64 ቢቱን ማስጫን ነው።