አእምሮ ፍርሃትን እንዴት ይተዋል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውን የአባቶች ተረት ሳይሰሙት አላደጉም። ዛሬ የምንነጋገረው የበረየው ሰው ወደ ጸጥታው ስለሚመለስበት መንገድ ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በጎተራ ማሳለጫ አጠገብ ሲሻገር መኪና ለጥቂት ሳተው እንበል። ሰውነቱ አልተነካም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ስፍራው ሲቃረብ ልቡ ይመታል፤ ላብም ያጠምቀዋል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ በየማለዳው ከቢሮው ይዘገያል። ይህ ሰው ፈሪ ነውን? አይደለም፤ አእምሮው የተማረውን አጥብቆ ስለያዘ ነው።

ይህን ትምህርት በመያዝ ዋና ድርሻ ያለው አሚግዳላ የተባለው፣ ለውዝ የሚመስለው የአንጎል ክፍል ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ በደወል ድምፅ ምራቁን ማዝረብረብ የለመደ ውሻ ደወሉን ያለ ምግብ ደጋግሞ ሲሰማ ልማዱን እንደሚተው፣ ከዕረፍት በኋላ ግን ልማዱ ብቅ እንደሚል አስተውሏል። እንግዲህ አሮጌው ትምህርት አይፋቅም፤ አዲስ ይደረብበታል እንጂ።

አዲሱን ትምህርት የሚያስጀምረው ማነው? በ2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሱሱሙ ቶኔጋዋ የምርምር ቡድን አይጦችን በአንድ ሣጥን ውስጥ እግራቸውን በኤሌክትሪክ ነዘራቸው። በማግሥቱ እዚያው ቢመለሱም ምንም አልደረሰባቸውም። በመጀመሪያ ደርቀው ቆሙ፤ እየቆዩ ግን መንቀሳቀስ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ፣ መልካም ነገር ሲገኝ የሚመነጨው ዶፓሚን ከመካከለኛው አንጎል ወደ አሚግዳላ ሲደርስ ታየ፤ የተቀበሉትም ለደስታ የሚነቁት የነርቭ ሕዋሳት ነበሩ። መልእክቱ ሲታገድ ፍርሃቱ አልለቅ አለ፤ ሲበረታ ፈጥኖ ለቀቀ። ይመጣል የተባለ ክፉ ነገር ሳይመጣ መቅረቱ ለአእምሮ እንደ ስጦታ ይቆጠራል ማለት ነው።

ምርምሩ በአይጥ ላይ የተደረገ ቢሆንም፣ ሐኪሞች ፍርሃትን ቀስ በቀስ በመጋፈጥ ሰውን ሲያክሙ ኖረዋል። መንገድ የሚቀይር ሰው ያ ስጦታ አይደርሰውም። ስለዚህ ሠራተኛችን ከወዳጁ ጋር፣ በቀን ብርሃን፣ ማሳለጫውን በመጀመሪያ ከሩቅ ይይ፤ ልቡ እስኪረጋጋም ይቆይ፤ በየቀኑም ጥቂት ይቅረብ። ፍርሃቱ አንድ ቀን ቢመለስበት ድካሜ ከንቱ ሆነ አይበል፤ እንደ ገና ይሂድ። እንቅልፍና ሥራ የሚነሳ ፍርሃት ግን የሐኪም ጉዳይ ነውና፣ እንደ አማኑኤል ወዳለ የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ ነውር አይደለም።