ዋይፋይ በጭቃ ቤት

ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። የአስተዳደሩ መቀመጫ ዛሬ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሮቤ ናት፤ የዚያ ዘመን ሰፋፊ ቤቶች ግን ጎባ ቀርተዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ቤት የሚሠራው ብርድ ታስቦ ነው፦ የጽድ ምሰሶ፣ በጭድ የተቦካ ወፍራም ጭቃ፣ ጠባብ መስኮት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ብርዱን የሚመልሰው ግድግዳ የዋይፋይንም ጉልበት ይሰብራል።

ሳሎን የተቀመጠው ልጅ ፊልም ያያል፤ ጓዳ ያለችው እኅቱ መልእክት እንኳ አይሄድላትም። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው የፍጥነት ጥቅሉን ማሳደግ ነው። ክፍያው ይጨምራል፣ ጓዳው ግን እንደነበረ ይቀራል። ከዚያ በፊት ላፕቶፕን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት ይሻላል። እዚያ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን የቤቱ ነው።

ራውተር በመዳብ ወይም በፋይበር መስመር የመጣውን ኢንተርኔት በራዲዮ ሞገድ የሚበትን ትንሽ ማሰራጫ ነው። አብዛኞቹ በሁለት ሞገድ ይሠራሉ። ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ግድግዳ በተሻለ ያልፋል፣ ግን ዝግ ይላል፣ ከጎረቤት ራውተርም ጋር ይጋጫል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ደረቅ ጣውላ ለሁለቱም ቀላል ነው። ጭቃ ግን ሞገዱን ይመጥጣል፣ እርጥበት ሲገባው ደግሞ ይብሳል፤ የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት እንዳለው አይዘነጋም። ከሁሉም የከፋው ቆርቆሮ ነው። ሞገዱን አያሳልፍም፣ መልሶ ይወረውረዋል፤ ግድግዳው ቆርቆሮ የሆነ ሰርቪስ ቤት ከዋናው ቤት ዋይፋይ መጠበቁ ከንቱ ነው። ከጀርባው ብረት የተቀባ ትልቅ መስታወትም እንዲሁ ያደርጋል።

እንግዲህ ራውተሩ የት ይቀመጥ? መስመሩ የገባበት ጥግ፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ቡፌው ውስጥ ከሆነ ግማሹ ጉልበት ደጅ ይፈሳል፣ ወይም እዚያው ይታፈናል። ቤቱ መሐል፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ በሮች ወደሚከፈቱበት ኮሪደር ማምጣት ያለ ምንም ወጪ ብዙ ይለውጣል። የውጭ አንቴና ያለው ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ሞገዱ በብዛት የሚወጣው ከዘንጉ ጫፍ ሳይሆን ከጎኑ ነው።

ሪፒተር ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል። ሆኖም ዋይፋይ ጭራሽ በማይደርስበት ጓዳ ውስጥ ከሰኩት የሚደግመው ነገር የለውም፤ ቦታው ምልክቱ ገና ሳይደክም፣ መንገድ ላይ ነው። ተራው ዓይነት እያንዳንዱን መልእክት በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ለእንዲህ ያለ ቤት ዋናው መድኃኒት የኔትወርክ ኬብል ነው። አሮጌ ቤት እዚህ ላይ አንድ በረከት አለው፦ ኮርኒስ። ከኮርኒሱና ከጣሪያው መካከል ባለው ክፍት ቦታ ኬብሉን ጎትቶ በሩቁ ክፍል ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ ማቆም ይቻላል፤ አይጥ እንዳይበላው በፕላስቲክ ቱቦ ማሳለፍ ነው። አንድ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ግቢው ጥግ ያለውን ሰርቪስም ይደርሳል።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ አነስተኛ ባትሪ ያቆያቸዋል። የፋይበር መስመር ያለው ቤት ግን ፋይበሩ የሚሰካበት መሣሪያ ለብቻው ከሆነ እሱንም ከባትሪው ጋር ማያያዝ አለበት፤ ካልሆነ ዋይፋዩ በርቶ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለውም።