የጭነት መኪና ካምቢዮ ከመሰበሩ በፊት ምን ምልክት ይሰጣል?

የመኸር ሰብል ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣበት ወቅት የገጠር መንገዶች በጭነት መኪኖች ይጨናነቃሉ። ሽንኩርት ወይም ቲማቲም የጫነ መኪና ካምቢዮው ተበላሽቶ ዳገት ላይ ሲቆም ጉዳቱ የባለንብረቱ ብቻ አይደለም። ምርቱ በፀሐይ ይበላሻል፤ አርሶ አደሩን የገበያ ቀን ያመልጠዋል፤ የከተማው ሸማችም ምርቱን በጊዜው አያገኝም።

ይሁን እንጂ ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሰበርም። አስቀድሞ በድምፅ፣ በሽታና በዘይት ጠብታ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን በጊዜ የተረዳ ባለንብረት ችግሩን በአነስተኛ ወጪ ይፈታል፤ ችላ ያለ ግን ካምቢዮውን በሙሉ እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል።

የካምቢዮ ሥራ

ካምቢዮ የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ በሚመች መጠን የሚያስተላልፍ ክፍል ነው። በአንደኛ ማርሽ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ ጉልበቱ ግን ከፍተኛ ይሆናል፤ ማርሹ ከፍ ባለ ቁጥር ፍጥነቱ ጨምሮ ጉልበቱ ይቀንሳል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ፍሪሲዮን ደግሞ ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት ሁለቱን ያለያያል። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ባለጥርስ ማርሾች በዘይት ተነክረው ይሽከረከራሉ። ዘይቱ ሰበቃን ይቀንሳል፤ ሙቀትንም ይወስዳል። ሲጎድል ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ መፋጨት ይጀምራል።

ዘይቱ እንዴት ይመረመራል?

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እና ካምቢዮው ቀዝቅዞ በጎኑ ያለው የመሙያ ቡሎን ይፈታል። በአብዛኞቹ ካምቢዮዎች ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ መድረስ አለበት። ከጎደለ መሙላት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የፈሰሰበትን ቦታ መፈለግና ያረጀውን የዘይት መያዣ ጎሚኒ መለወጥ ያስፈልጋል።

ዘይት በሚለወጥበት ጊዜ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ቡሎን መፍታት ይገባል። መሙያው ዝጎ አልፈታ ቢል መኪናው ያለ ዘይት እንዳይቀር ይረዳል። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የተጣበቀ ደቃቅ የብረት ዱቄት የተለመደ ነው። የጥርስ ስባሪ ወይም የብረት ፍንካች ከተገኘ ግን መኪናው ጭነት ከመያዙ በፊት ካምቢዮው በባለሙያ ተከፍቶ ሊታይ ይገባል።

ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ወንዝ በሚሻገሩ መኪኖች ላይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። የጋለ ካምቢዮ በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። በላዩ ያለው የአየር መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ ካምቢዮው ሲግል ግፊቱ ዘይቱን በጎሚኒዎቹ በኩል ይገፋዋል። ስለዚህ ከጭቃና ከወንዝ ጉዞ በኋላ መተንፈሻውን ማጽዳትና ዘይቱን ማየት ያስፈልጋል።

የዘይት ዓይነትም በግምት አይመረጥም። ጂ ኤል 5 የተባለው የማርሽ ዘይት ጂ ኤል 4 ለታዘዘለት ካምቢዮ ሲሞላ የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስተካክሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። የሞተር ዘይት የሚጠቀሙ ካምቢዮዎችም አሉ። ዓይነቱንም ሆነ የመለወጫውን ጊዜ የሚወስነው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። አቧራ፣ ከባድ ጭነትና ዳገት በሚበዛበት ሥራ ላይ ግን ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ መለወጥ ይመከራል።

ድምፅና ሽታ ምን ይናገራሉ?

ሁሉም ማርሽ ሲገባ የሚንገጫገጭ ከሆነ ጥፋቱ ከካምቢዮው ይልቅ የፍሪሲዮኑ ሊሆን ይችላል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሪሲዮን ከሆነ የዘይቱን መጠን፣ እንዲሁም የፔዳሉን ልክ አስቀድሞ መፈተሽ ካምቢዮ ከማስወረድ ወጪ ያድናል። የሚንገጫገጨው አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ ቀለበት ማለቁን ያመለክታል።

ሞተሩ ሥራ ላይ ሆኖ ማርሹ በፎሌ ሳለ የሚሰማ፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ግን የሚጠፋ ድምፅ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ ያስጠረጥራል። በተቃራኒው ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ምልክት ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረና የሚቃጠል ሽታ ከመጣ የፍሪሲዮኑ ሸራ እየተንሸራተተ ነው። በጉዞ ላይ ከቦታው የሚወጣ ማርሽ ደግሞ ቁልቁለት ላይ አደገኛ በመሆኑ ሳይጠገን ጉዞ መቀጠል አይገባም።

ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ፣ ከደባርቅ ወደ ልማሊሞ የሚወስዱት ረጃጅም ቁልቁለቶች ካምቢዮ የፍሬን አጋዥ መሆኑን ያስታውሳሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል በፎሌ የሚወርድ አሽከርካሪ የሞተሩን የመያዝ ኃይል ያጣል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ነዳጅ ይቆጠባል የሚለውም ስሌት አያዋጣም። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሣ የነዳጅ ፍሰቱ እጅግ ይቀንሳል ወይም ይቋረጣል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠቀሙን ይቀጥላል። ስለዚህ ከባዱን ማርሽ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማስገባት ተገቢ ነው።

ሌሎች ጥንቃቄዎች

እግርን በፍሪሲዮን ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳት፣ ዳገት ላይ መኪናን በፍሪሲዮን ይዞ ማቆም፣ በሁለተኛ ማርሽ መነሣት እና ከመጠን በላይ መጫን የፍሪሲዮኑን ዕድሜ ያሳጥራሉ። የኋላ ጎማው የሚገፋ መኪና ተበላሽቶ ረጅም መንገድ ሲጎተት ሞተሩ ስለማይሠራ በካምቢዮው ውስጥ ዘይቱ በሚገባ አይረጭም። በመሆኑም ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ፈትቶ መጎተት ይገባል።

የተቃጠለ ዘይት በማሳ ወይም በውኃ ዳር አይደፋም፤ የተያዘበት ጀሪካንም ለመጠጥ ውኃ ወይም ለምግብ ዘይት መዋል የለበትም። የዘይትና የፍሪሲዮን ፍተሻ ምርት መጫን ከመጀመሩ አስቀድሞ ቢደረግ፣ የተገኘውን ችግር መኪናው ሥራ በማይበዛበት ጊዜ መጠገን ይቻላል።