ዘፈኑ ውስጥ ያለችው ሴት ምን ትሠራለች?

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነዎት። ከሬዲዮው የፍቅር ዘፈን ይሰማል። ዜማው ደስ ስለሚል እርስዎም አብረው ያንጎራጉራሉ። ዛሬ ግን ግጥሙን ልብ ብለው ያድምጡት። የተዘፈነላት ሴት ምን ትሠራለች?

አማርኛ ይህን ለማወቅ የተመቸ ቋንቋ ነው። ማን እንዳደረገና በማን ላይ እንደተደረገ ግሱ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ግሶቹን ይቁጠሩ። «አየሁሽ፣ ወደድኩሽ፣ ተከተልኩሽ» ከተባለ ሁሉንም የሚያደርገው ዘፋኙ ነው። ለእሷ የሚቀርላት ዓይን፣ ጥርስ፣ አንገትና ወገብ መሆን ነው።

«ውበትን ማድነቅ ምን ነውር አለው?» ይሉ ይሆናል። ምንም ነውር የለውም። ችግሩ ሴቷ ሐሳብ፣ ሥራና ፈቃድ እንደሌላት ሆና በየዘፈኑ ስትደጋገም ነው።

«ሴቶችስ ይዘፍኑ የለም ወይ?» ይዘፍናሉ። ነገር ግን ዘፈን የዘፋኙ ብቻ አይደለም። ግጥም ደራሲ አለው፤ ዜማ ደራሲ አለው፤ የመሣሪያዎቹን ድምፅ የሚያዋህድ አቀናባሪም አለው። ድምፁ የሴት ሆኖ ቃሉ የወንድ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ የአሜሪካን የሙዚቃ ገበያ እንይ። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ከ2012 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. እጅግ የተደመጡ 600 ዘፈኖችን ፈትሸው ነበር። ከ100 ዘፋኞች ሴቶቹ 22 ያህል ሆኑ፤ ከ100 ደራሲዎች ደግሞ 12 ያህል። ከዘፈኖቹ በግማሾቹ ላይ ፕሮዲውሰሮች፣ ማለትም የቀረጻውን ሥራ የሚመሩ ባለሙያዎች፣ ሲቆጠሩ ደግሞ ከ100 ፕሮዲውሰሮች ሴቶቹ 2 ብቻ ነበሩ።

ዘፈኑ ከተሠራ በኋላም ሌላ በር አለ፤ ሬዲዮ ጣቢያ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኪት ሂል የተባለ የአሜሪካ ሬዲዮ አማካሪ፣ ካንትሪ የተባለውን የሙዚቃ ዓይነት የሚያጫውቱ ጣቢያዎች አድማጭ እንዲበዛላቸው የሴቶችን ዘፈን እንዲቀንሱ መከረ። ወንዶቹን በሰላጣ ቅጠል፣ ሴቶቹን ጣል ጣል በሚደረግ ቲማቲም መሰላቸው። ሴት ካልተሰማች አትለመድም፤ ካልተለመደች ደግሞ «አድማጭ የላትም» ይባላል።

የሴቶች ቃል ከዘፈን መጥፋቱ ምን ያስከፍላል? በመጀመሪያ ገንዘብ። ሮያሊቲ የሚባል ክፍያ አለ፤ ሥራው ለሕዝብ በተሰማ ቁጥር ለባለመብቱ የሚደርስ ነው። በአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ ይህ ክፍያ ለግጥምና ዜማ ባለመብቶች እንጂ ለዘፋኙ አይከፈልም። ድርሰቱ ውስጥ የሌለች ሴት ምንም ያህል ብትዘፍን ከዚህ ገንዘብ አታገኝም።

ሁለተኛው ዋጋ የሚከፈለው በቤታችን ነው። «እጠልፍሻለሁ» ማለት በዘፈን ሲሆን የፍቅር ብርታት ይመስላል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግን ሴትን ለማግባት ብሎ በኃይል መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከዚያ በፊት በነበረው ሕግ ጠላፊው ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ሕጉ ተለውጧል፤ ወንድ ልጅ በዜማ ለምዶት የሚያድገው ቃልም አብሮ መለወጥ አለበት።

«ታዲያ ዘፈን እንተው?» አንተውም። ግጥምና ዜማ ራሳቸው የሚደርሱ እንደ አስቴር አወቀ፣ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እና ዘሪቱ ከበደ ያሉ ድምፃውያን አሉን። ጂጂ ስለ ዓድዋ ስትዘፍን ሴቷ የምትታይ ብቻ አይደለችም፤ ታሪክ ነጋሪ ናት።

እርስዎም ሁለት ነገር ማድረግ ይችላሉ። አልበም ሲገዙ ወይም ዘፈን ሲከፍቱ ግጥሙን የደረሰው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ልጆችዎ አብረዎት ሲያዳምጡ ደግሞ «እሷስ ምን አለች?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሱን ከግጥሙ ውስጥ ካጡት፣ ዘፈኑ የጎደለውን ራሳቸው አገኙት ማለት ነው።