ቡልማስቲፍ፦ ይዞ የሚያቆይ እንጂ የማይዘነጥል ዘበኛ

በየግቢው በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ማየት ለከተማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ከገባህ ትነከሳለህ። ብዙዎቻችን ጥሩ ጠባቂ የምንለውም የሚጮኸውን፣ የሚያስፈራውንና የሚናከሰውን ውሻ ነው። እንግሊዞች ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ የተለየ ሥራ የሚሠራ አንድ ትልቅ ውሻ አዳቅለዋል። ሰውን አሳድዶ የሚጥል፣ ከጣለ በኋላም ሳይዘነጥል ይዞ የሚያቆይ ውሻ። ስሙ ቡልማስቲፍ ይባላል። የዚህን ውሻ ጠባይ ለመረዳት ታዲያ በመጀመሪያ መግለጥ የሚያስፈልገው የሕግ መጽሐፍ ነው።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር በባላባቶች ርስት ላይ ሌሊት ገብቶ ጥንቸል ወይም ቆቅ ማደን ከባድ ወንጀል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 የወጣው የሌሊት ሕገወጥ አደን አዋጅ ለሦስተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው ለ7 ዓመት ባሕር ማዶ በግዞት እንዲላክ ይፈቅዳል። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው፣ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ መሣሪያ ይዞ ከገቡ ግዞቱ እስከ 14 ዓመት ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ ቅጣት የሚጠብቀው ሰው እጁን በቀላሉ አይሰጥም። ከዘበኛው ጋር ይተናነቃል፤ ሲብስም ገድሎ ለማምለጥ ይሞክራል። ጥንቸልን ለማስጠበቅ የወጣው ሕግ የዘበኞችን ሕይወት አደጋ ላይ ጣለ ማለት ነው።

ስለዚህ የርስት ዘበኞች በጨለማ አብሯቸው የሚዞር ረዳት ፈለጉ። የተዘነጠለ ወይም የሞተ ሰው ግን ለዘበኛው አይጠቅመውም። የሚፈልገው እጅ ከፍንጅ ተይዞ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ተከሳሽ ነው። በእጃቸው የነበሩት ሁለት ዓይነት ውሾች ደግሞ ለየብቻቸው አልበቁም። ማስቲፍ ግዙፍና ረጋ ያለ ቢሆንም ዘገምተኛ ነበር። ማስቲፍ መሰል ውሾች በጥንታዊቷ ነነዌ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ከተቀረጹ ከ2600 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ዘሩ የቆየ ነው። ሌላው ቡልዶግ ነው። የያኔው ቡልዶግ በ1835 በሕግ እስከታገደበት ጊዜ ድረስ ከበሬ ጋር ለሚደረግ ግጥሚያ ይውል የነበረ፣ ፈጣንና አስፈሪ ውሻ እንጂ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት አልነበረም። ሁለቱን በማዳቀል 60 በመቶ ማስቲፍ፣ 40 በመቶ ቡልዶግ ነው የሚባለው ቡልማስቲፍ ተገኘ። በጨለማ እንዳይታይም ጥቁር ቡናማና ዥንጉርጉር የሆነው ይመረጥ ነበር።

ይህ ችሎታው ለሕዝብ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1901 «ዘ ፊልድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት እንደዘገበው፣ በርተን የተባሉ አርቢ አንድ የሌሊት ውሻ ወደ ትርዒት ይዘው መጡ። አፉ ታስሮ እያለ ከውሻው ሊያመልጥ ለቻለ ሰው አንድ ፓውንድ እንደሚሰጡም አስታወቁ። ከተመልካቹ መካከል ስለ ውሻ አውቃለሁ ያለ አንድ ሰው ተነሣ። ርቆ እንዲሮጥ ጊዜ ከተሰጠው በኋላ ውሻው ተለቀቀ። ደርሶም በመጀመሪያው ዝላይ መሬት ላይ ዘረረው። መንከስ ባይችልም ሥራውን ሠርቷል።

በኋላ የአደን ዘበኝነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ውሻው ራሱን የቻለ ዘር ሆኖ ቀጠለ። የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ በ1924፣ የአሜሪካው አቻው ደግሞ በ1933 እውቅና ሰጥተውታል። በአሜሪካው መለኪያ ወንዱ ከ50 እስከ 59 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ቁመቱም ትከሻው ላይ ከ63 እስከ 69 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። «ሮኪ» የተሰኘውን የ1976 ፊልም ያየ አንባቢ ቡትከስ የተባለውን ውሻ ያስታውሳል። ቡልማስቲፍ ነው፤ የተዋናዩ የሲልቨስተር ስታሎን የራሱ ውሻም ነበር።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ቡልማስቲፍ ግን በበላበትም ብዙም አይጮኽም፤ በጨለማ አድብቶ የሚጠብቅ ዘበኛ መጮኽ አያስፈልገውምና። ከቤተሰብ ጋር ገርና ታማኝ ነው። ባዕድ ሲመጣ ግን መንገድ ይዘጋል። ግትር ስለሆነ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከሰውና ከሌሎች ውሾች ጋር ማለማመድ የግድ ነው። 55 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ካደገ በኋላ በጉልበት አይታረምም።

ውሻው ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋው ደግሞ የመግዣው ብቻ አይደለም። አፍንጫው አጠር ያለ በመሆኑ ሙቀት አይችልም። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር፣ ካንሰርና በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችለው የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ያጠቁታል። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ዓመት ነው። ለሃጩም አይጣል ነው።

ሕግ ዛሬ ይህን ውሻ እንዴት ያየዋል? አገሮች አልተስማሙም። የእንግሊዝ የ1991 የአደገኛ ውሾች አዋጅ በስም ከከለከላቸው ዓይነቶች መካከል ቡልማስቲፍ የለም። ጎረቤቷ አየርላንድ ግን በ1998 ባወጣችው ደንብ፣ ቡልማስቲፍ በአደባባይ ሲወጣ አፉ እንዲሸፈንና ከ16 ዓመት በላይ በሆነ ሰው በአጭር ማሰሪያ እንዲያዝ ታስገድዳለች። አንዱ ውሻ ባሕሩን ሲሻገር ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል።

የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ስለ ውሻው ዘር አይጠይቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አንቀጽ 2071 እንደሚለው፣ እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። እንስሳው በድንገት አምልጦኝ ነው፣ ጉዳቱም ይደርሳል ብዬ አልገመትኩም ማለት አያድነውም። በር ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በራሱ ይህን ኃላፊነት የሚያስቀር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

ስለዚህ ትልቅ ውሻ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሻጩን «ይናከሳል ወይ?» ብሎ ከሚጠይቅ «ሲታዘዝ ይለቃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። የእንግሊዝ ዘበኞች ሌባውን በሕይወት ለዳኛ ለማቅረብ ሲሉ የሚቆጠብ ውሻ ፈለጉ። እኛ ደግሞ በራችንን የሚያንኳኳው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ፖስተኛ አለ፣ ቆጣሪ አንባቢ አለ፣ የጎረቤት ልጅም አለ። ከእነርሱ አንዱ ቢነከስ ዳኛ ፊት የምንቀርበው እኛው ነን።