ኑግና ሰሊጥ፦ የተፈጥሮ ጸረ ኦክሳይድ ውሕዶች የምግብ ዘይትን ከብልሽት ስለሚጠብቁበት መንገድ

«ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ያለ ጥፋቱ ከሌላው ጋር ስለሚቀጣ ሰው የተነገረ ነው። ለኬሚስት ግን ሌላም ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ኑግ የጎደለውን ሰሊጥ ይዞ ይገኛልና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የኑግ ዘይት ቶሎ የሚበላሸው ለምን እንደሆነና በተፈጥሮ የሚገኙ ጸረ ኦክሳይድ ውሕዶች እስከ ምን ድረስ ሊጠብቁት እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ እኛ ከምንኖርባቸው ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ከተሞች ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ጆርጅ በርና ባለቤታቸው ሚልድረድ በር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባካሄዱት ምርምር፣ ስብ ፈጽሞ ያልተሰጣቸው አይጦች እንደሚታመሙ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ሊኖሌይክ አሲድ ሕመሙን እንደሚፈውስ ደግሞ በ1930 አስታወቁ። ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘው የስብ አሲድ መኖሩ የታወቀው በዚህ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ የኑግ ዘይት ከመቶ ሰባ እጅ በላይ የሚሆነው ይኸው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በነዚሁ ከተሞች ዛሬ ኑግን በብዛት የምናየው ግን የወፍ መኖ ከሚሸጥባቸው መደብሮች ነው።

የኑግ ዘይት በጎነቱም ድክመቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። በሊኖሌይክ አሲድ ሞለኪውል ውስጥ በሁለቱ ድርብ ቦንዶች መካከል የሚገኘው ሃይድሮጅን በቀላሉ ይነቀላል። ብርሃን፣ ሙቀት፣ ወይም የብረትና የመዳብ ርዝራዥ አንዱን ሃይድሮጅን ሲነቅለው፣ የቀረው ሞለኪውል ዕረፍት ያጣ ራዲካል ይሆናል፤ ከአየር ኦክስጅን ይይዛል፤ ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ ጎረቤቱም በተራው እንዲሁ ያደርጋል። ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ነው። አንድ ድርብ ቦንድ ብቻ ካለው ከኦሌይክ አሲድ ጋር ሲነጻጸር ሊኖሌይክ አሲድ ቢያንስ አሥር እጥፍ ፈጥኖ ኦክሳይድ ይሆናል። በመጀመሪያ የሚፈጠሩት ፐሮክሳይዶች ሽታ የላቸውም፤ ዘይቱ ሸተተ የምንለው እነርሱ ተሰባብረው እንደ ሄክሳናል ያሉ አልዲሃይዶች ሲወጡ ነው። አፍንጫችን የሚያስጠነቅቀን እንግዲህ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ጸረ ኦክሳይድ ውሕድ በዚህ ሰንሰለት መካከል ገብቶ የራሱን ሃይድሮጅን ይሰጣል። ራሱ ራዲካል ቢሆንም የተረጋጋ ስለሆነ እሳቱን አያዛምትም። ሲሠራ ግን ያልቃል፤ ስለዚህ ብልሽትን ያዘገያል እንጂ ለዘለቄታው አይከላከልም፤ የተበላሸውንም ዘይት አይመልስም።

የውሕዶቹ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው አልፋ ቶኮፌሮል ነው። ይህ የቫይታሚን ኢ ዓይነት ለሰውነት ከሁሉ የሚመረጥ ቢሆንም፣ ለተከማቸ ዘይት የሚሰጠው ጥበቃ ከጋማ ቶኮፌሮል ያነሰ ነው፤ መጠኑ ሲበዛም ብልሽቱን ሊያፋጥን ይችላል። ሰሊጥ በአንጻሩ ጋማ ቶኮፌሮልን፣ ሰሳሚንንና ሰሳሞሊንን ይዟል፤ ሲቆላ ደግሞ ሰሳሞሊኑ ተለውጦ ሰሳሞል የተባለ ብርቱ ጸረ ኦክሳይድ ይሰጣል። የተቆላ ሰሊጥ ዘይት ሳይበላሽ የመቆየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ዕውቀት ለወጥ ቤታችን ባዕድ አይደለም። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ የሚጨምሩት ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ቅቤው እንዲቆይ ጭምር ነው። ከጥብስ ቅጠል የሚወጣውና ካርኖሲክ አሲድ ያለበት ጭማቂም እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓ ኅብረት የምግብ መጠበቂያ ሆኖ ተፈቅዷል።

ይህን ሁሉ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጾም ወራት የወጡ መሠረት ዘይት በሆነበት አገር፣ ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት በብዙ ቤተሰብ ማዕድ የኑግን ቦታ ወስዷል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ በሃይድሮጅን የጠገበ ስብ ስለሆነ ሳይሸት ይቆያል፤ ለነጋዴውም ይመቻል። ያልተጣራው የኑግ ዘይት ግን ክሎሮፊሉ ብርሃን ሲያገኝ ብልሽቱን እያፋጠነ በሚያስተላልፍ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም ስሙ ይጠፋል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛው ወጪው ጥቂት ነው፤ ዘይቱ በሚገባ ተጠልሎ፣ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ እስከ አፉ ተሞልቶ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ። ሁለተኛው የምርምር ሥራ ነው፤ የኑግ ዘይት ብቻውን፣ ከተቆላ ሰሊጥ ዘይት ጋር በተለያየ መጠን ተደባልቆ፣ እንዲሁም የኮሰረትና የጥብስ ቅጠል ጭማቂ ተጨምሮበት፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቀምጦ የፐሮክሳይዱ መጠን በየጊዜው ይለካ። ድብልቁ ሊኖሌይክ አሲዱንም ስለሚቀንስ፣ የጸረ ኦክሳይዱ ድርሻ ለብቻው መለየት ይኖርበታል። ምድጃውና መለኪያው በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎችም ይገኛሉ። በስደት የምንገኝ የሙያው ሰዎች ንድፉን አብረን ልናወጣ፣ ውጤቱንም ልናመሳክር እንችላለን፤ የዘይት ጨማቂውን ችግር ግን አስቀድመን ከራሱ ከጨማቂው እንስማ።