«ቻይና ሦስቴ ሄደሃል፤ እስቲ ምን አየህ?»

ጥያቄዋን የወረወረችው የወልቂጤ ልጅ ናት። የተጠየቀው ደግሞ እጮኛዋ፣ መርካቶ ሱቅ ያለው የቡታጅራ ልጅ። ቦታው ወልቂጤ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ። ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አያለሁ። ልጁ አሰበ፣ አሰበና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ካርቶን።»

አትሳቁ! እውነቱን ነው። ጓንግዡ ይገባል፣ ሆቴል ያርፋል፣ ጠዋት መጋዘን፣ ከሰዓት መጋዘን፣ ማታ ሒሳብ። በስድስተኛው ቀን ቦሌ ነው። ስንቱ የመርካቶ ልጅ ፓስፖርቱ በቻይና ማኅተም ተሞልቶ ስለ ቻይና የሚያወራው ከዕቃ ዋጋ አያልፍም። አይፈረድበትም፤ የሄደው ለእንጀራ ነው።

የጠቡ መነሻ ግን ዕቁብ ነው። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ዕቁቧ ወጣላት። ሠርጋቸው ከፋሲካ በኋላ ነውና ገንዘቡን ለጫጉላ ሽርሽር መደበችው። የት? ቾንግቺንግ! በስልኳ አይታት ነው፤ ባቡር የሰው መኖሪያ ፎቅ ውስጥ ሰተት ብሎ ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣል። በቃ፣ ልቧ እዚያ ቀረ።

እሱ ደግሞ «ቻይና ለሥራ እንጂ ለሽርሽር አይኬድም። ቡታጅራ እናቴ ጋ አሥር ቀን እናርፋለን። ተራራ ካማረሽ ዘቢዳር አለልሽ» አላት።

«እናትህ ቤት ማረፍ ለአንተ ነው፤ እኔ ጓዳ ነኝ። ቆይ፣ ዘቢዳርንስ ወጥተኸው ታውቃለህ?»

ዝም።

ጎበዝ፣ እኔን የነካችኝ ይቺ ዝምታ ናት። ተወልዶ ያደገው ተራራው ሥር ነው። በልጅነቱ ጠዋት በር ሲከፍት የሚያየው ዘቢዳርን ነው። ግን ወጥቶት አያውቅም። ጓንግዡን እንዳላየ ሁሉ ቡታጅራንም አላየም። ልጅቷ የጠየቀችው የአውሮፕላን ቲኬት መስሎት ነበር። የጠየቀችው ግን አጠገቧ ቆሞ አብሯት የሚያይ ሰው ነው።

መቼም ምክር መስጠት አይቀርምና «መጀመሪያ ቡታጅራን እንደ ቱሪስት ሂዱባት፤ ከዚያ ስለ ቻይና እናወራለን» አልኳቸው። እናቱ ቤት ሳይሆን ሆቴል እንዲያርፉም የመከርኩት እኔው ነኝ። ይቺ ምክር በኋላ ጉድ አፍልታለች፤ እመጣበታለሁ።

አሁን ግን ልጅቷ የተመኘቻት ከተማ ምን ዓይነት ናት የሚለውን እንይ። እናንተም ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ልባችሁ ተነስቶ ይሆናላ!

ቾንግቺንግ ደቡብ ምዕራብ ቻይና ውስጥ ናት። ቻይናዎቹ ራሳቸው «የተራራ ከተማ» ነው የሚሏት። ያንግዜና ጂያሊንግ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ ወንዞች እዚያ ይገናኛሉ፤ መሀል ከተማው በወንዞቹ መካከል ባለው ገደላማ መሬት ላይ ተቆልሏል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቀጥታ ተጠሪነቷ ለማዕከላዊው መንግሥት ነው። በአስተዳደሯ ሥር ያለው ሕዝብ፣ ገጠሩን ጨምሮ፣ ከ30 ሚሊዮን በላይ ነው። ከጃፓን ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ የቻይና መንግሥት ዋና ከተማውን ወደዚህች ከተማ አዛውሮ ነበር።

ባቡሩ እውነት ነው። ጣቢያው ሊዚባ ይባላል፤ ከላዩ ሰው ይኖርበታል። ያንግዜን በአየር ላይ በገመድ የሚያሻግር ተንጠልጣይ መኪናም አለ። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሲያሻው ደግሞ በመንገድ በኩል በአንደኛ ፎቅ የገባችሁበት ሕንጻ በሌላው በር ሲያስወጣችሁ ራሳችሁን ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ታገኙታላችሁ! ስለዚህ የስልክ ካርታ «ደርሰሃል» ቢላችሁ አትመኑት፤ ቤቱ ከእግራችሁ ሥር ወይም ከጭንቅላታችሁ በላይ ሊሆን ይችላል። ተረከዝ ያለው ጫማ ለሠርጉ ይቅር፤ ደረጃው ብዙ ነው።

አየር መንገዳችን ቻይና መብረር የጀመረው በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ ሻንጋይ ነው። ከሚበርባቸው የቻይና ከተሞች ለቾንግቺንግ የምትቀርበው ቼንግዱ ናት፤ ከዚያ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ቪዛ ቀድሞ ያስፈልጋል። በየሱቁ የሚከፈለው በስልክ ነውና የመክፈያውን ነገር አዲስ አበባ ሳላችሁ ጨርሱ። ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ጉግል እዚያ አይከፈቱም። እናታችሁ «ልጄ ጠፋ» ብላ እሪ እንዳትል አስቀድማችሁ ንገሯት።

ስለ ሆዳችሁም ላውራ። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ «ሆት ፖት» ይባላል። መሀል ጠረጴዛ ላይ በርበሬ የሞላበት ድስት ይፈላል፤ ሥጋውን፣ ጨጓራውን፣ አትክልቱን እየነከራችሁ ትበላላችሁ። «የማሬቆ በርበሬ ያሳደገኝ እኔ ምን እሆናለሁ» የምትሉ አትኩራሩ፤ እዚያ ያለው ቅመም ምላስን ያደነዝዛል። ለሁለት የተከፈለ፣ ግማሹ አልጫ የሆነ ድስት አለ፤ ፋራ ይሉኛል ሳትሉ እዘዙት። ጿሚ ከሆናችሁ ግን ልብ በሉ፤ የድስቱ መረቅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በከብት ሞራ ነው፤ አትክልት ብቻ ብትነክሩም ጾሙ ፈረሰ። የአሳማ ሥጋም በየቦታው ነውና ሙስሊም አንባቢዎቻችን የሐላል ምግብ ቤት ምልክቱን ፈልጉ።

በሐምሌና በነሐሴ አትሂዱ፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል። መስቀልን ቤተሰብ ጋ አክብረን ማግስቱን እንበር የምትሉም ቆም በሉ፤ መስቀል በዋለ በአራተኛው ቀን የቻይናዎች ብሔራዊ በዓል ይጀምርና አገሩ በሙሉ ለሽርሽር ይወጣል። መቆሚያ የለም።

እንግዲህ ወደ ሀገራችን ልመልሳችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ወጣን። እኔም ተለጥፌያለሁ። ከመነሳታችን በፊት ልጁ ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቀ፤ እናንተም ጠይቁ። ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጢያ ስንደርስ ልጅቷ «አውርዱኝ!» አለች። ሠላሳ ስድስት ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ልጁ በዚህ መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመላለስ አንድም ቀን ወርዶ አላየም። እሷ የሰይፎቹን ቁጥር ስትቆጥር እሱ ሰዓቱን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ግን «ይሄኛው ላይ አምስት ነው፣ ተሳስተሻል» ሲል ሰማሁት። ተመስገን አልኩ።

ቡታጅራ ሆቴል ያዝን። ሦስት ክፍል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቡ! ከሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው፣ ስሙ ውስጥ ሰይጣን ወዳለበት የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሄድን። ክብ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ ውሃው ታች። ልጁ በልጅነቱ እዚያ መሄድ ያስገርፈው እንደነበር ነገረን። ለካ ያላየው ስለተከለከለም ጭምር ነው።

እሁድ ገና ሳይነጋ ዘቢዳርን ጀመርነው። የአካባቢው ልጅ መንገድ ያሳየናል። ተራራው ከ3,700 ሜትር በላይ ነው፤ ከተማው ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቀልድ አይደለም። እንሰቱ አለቀ፣ ገብስ ጀመረ፣ የእኔም ትንፋሽ አለቀ። አንድ ጉብታ ላይ ተቀመጥንና ልጁ በእጁ እያሳየ ማውራት ጀመረ። በዚህ በምሥራቁ በኩል የሚወርደው ውሃ በመቂ ወንዝ ዝዋይ ይገባል። በምዕራቡ በኩል የሚወርደው ደግሞ በዋቤ አድርጎ ጊቤን ይቀላቀላል፤ ከዚያ ኦሞ ይሆንና ቱርካና ድረስ ይሄዳል።

«እናንተ ወልቂጤዎች የምትጠጡት የእኛን ትራፊ ነው» አላት።

«እናንተ ናችሁ ጀርባችሁን የሰጣችሁን» አለችው።

ተሳሳቁ። ከዚያ ጉም መጣና ሁሉንም ሸፈነው። ጫፉ ሳንደርስ ተመለስን፤ እንዳልዋሽ።

ምሳ እናቱ ቤት ነበር። ጉዱ እዚህ ነው የፈላው። ለካ ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ሆቴሉ በር ላይ አይቶን ነግሯቸዋል። እናት ክትፎውን፣ አይቡን፣ ጎመኑን፣ ቆጮውን አቀረቡ፤ እጃቸው አልጎደለም። ፊታቸው ግን የለም።

«ቤት እያለህ ሆቴል? ሰው ምን ይላል? እናቱ ሞታለች ነው የሚል!» አሉት።

ልጅቷ ደንግጣ ልታግዛቸው ወደ ጓዳ ተነሳች። «ተቀመጪ የኔ ልጅ! አንቺ ቱሪስት አይደለሽ?» አሏት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ መሬት ብትዋጠኝ በወደድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሆቴሉ ክፋት የለውም፤ አሁንም እንደዚያው ነው የምለው፤ ሙሽሪት የመጀመሪያ ጉዞዋን ምጣድ ሥር ማሳለፍ የለባትም። ግን እናት ከጎረቤት መስማት የለባቸውም ነበር። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ልጁ ራሱ ደውሎ «እማዬ፣ እሁድ ምሳ አንቺ ጋ ነን፤ ቅዳሜ ግን ተራራውን ላሳያት ነው» ቢል ኖሮ ቅሬታ ይሆን ነበር እንጂ ውርደት አይሆንም። በተለይ መስቀልና አረፋ ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ በሚጠራበት አገር!

ቡና ሲፈላ ልጁ ስልኩን አውጥቶ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ፎቶ ማሳየት ጀመረ። እናት መጀመሪያ ወደ ሌላ አዩ። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወጡ።

«ይሄ የማን ማሳ ነው?»

ነገራቸው።

«ከላይ ሲታይ እንዲህ ነው?» አሉና ዝም አሉ። «እኔ እዚህ ከተዳርኩ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ። ወጥቼው አላውቅም።»

ልጅቷ ናት የጠየቀቻቸው፤ «ለምን እማማ?»

«ማን ወሰደኝ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። እናት ፎቶዎቹን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲያሳያቸው ጠየቁት። በሁለተኛው ዙር ልጅቷም በሌላው ጎናቸው ተቀምጣ ነበር፤ ስኒውንም አብራቸው አጠበች። ማንም «ቱሪስት» አላላትም።

ቻይናስ? ተስማምተዋል። ግንቦት ላይ ይሄዳሉ። የእሷ ዕቁብ ቾንግቺንግ አምስት ቀን ያቆያቸዋል፤ ከዚያ እሱ ጓንግዡ ሁለት ቀን ካርቶኑን ያያል፤ እሷም ላትነጫነጭ ቃል ገብታለች። (እኔ አላመንኳትም።)

ልንወጣ ስንል ልጁ ለእናቱ ስለ ባቡሩ ነገራቸው፤ ፎቅ ቤት ውስጥ ገብቶ እንደሚወጣ፣ ከላዩ ሰው እንደሚኖርበት። እናት በር ላይ ቆመው አሰቡ።

«ታዲያ የቤቱ ሰዎች እንዴት ነው የሚተኙት?»

እኔም እሷም ተያየን። ልጁም መልስ አልነበረውም።

«እንግዲህ እሱን አይተህ ንገረኛ» አሉት።